ልብህን ምን ላይ አስደገፍከው?

ልጄ፣ ሥራ በመያዝህ ደስ ብሎኛል። ደሞዝህን ትቆጥባለህ፣ ለአፓርታማ ቅድመ ክፍያ ታጠራቅማለህ፣ ስለ ዶላር ምንዛሪ ሳታወራ አትውልም። ይህን አልነቅፍም። ግን «እግዚአብሔር ካለ» የምትለው ለአፍህ ያህል እንደሆነ ይታየኛል። ልብህ የሚያርፈው የባንክ ሒሳብህን ስታይ ነው። እስቲ ቁጭ በልና ስማኝ።

1. ሥራህን አትተው። በእግዚአብሔር መታመን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የሚመስላቸው አሉ፤ ስንፍናቸውን በእምነት ስም ይጠሩታል። ገበሬን ተመልከት። አርሶ፣ አለስልሶ፣ ከጎተራው ምርጡን ዘር አውጥቶ መሬት ላይ ይበትናል። ዝናቡ የእሱ እንዳልሆነም ያውቃል። አንተም ቆጥብ፣ ዕቁብ ግባ፣ ሙያህን አሻሽል፤ የቀረውን ለባለቤቱ ተው።

2. ንብረት ሊሄድ እንደሚችል አስቀድመህ እወቅ። የእናንተ ትውልድ ካርታ በእጁ ከገባ የዳነ ይመስለዋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአንድ አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ዕድሜ ልኩን ለፍቶ ሦስት አራት ቤት ያቆመ ሰው የሚኖርበት አንዱ ብቻ ቀረለት። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነውን ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነውን ኪራይ ቤቶች ያዘው። እነዚያ ቤቶችም እኮ ፊርማና ማኅተም ያለው ወረቀት ነበራቸው! ያን ጊዜ ሁለት ዓይነት ሰው አየሁ። አንዱ ቤቱ ሲሄድ አብሮ ሄደ፤ ከሰው ተለየ፣ መብላት ተወ፣ ሳይታመም አረጀ። ሌላው አለቀሰ፣ ከዚያ ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያን ሳመና ልጆቹን ወደ ማሳደጉ ተመለሰ። የጠፋባቸው ንብረት ያው ነበር፤ የተደገፉበት ግን ለየቅል።

«ቤት ባይሆን ጥሬ ገንዘብ አለኝ» ትል ይሆናል። መስከረም 2013 ላይ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖት ሲቀየር የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ከዚያ በኋላ ፍራሽ ሥር የተረሳው ሁሉ ተራ ወረቀት ነው። ባንክ ያስቀመጠውስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቁጥሩ ደብተሩ ላይ እንዳለ ነው፤ የሚገዛው ግን አነሰ። ይህን የምነግርህ እንድትፈራ አይደለም፤ ጠባቂ ያልሆነውን ጠባቂዬ እንዳትል ነው።

3. በትልቅ ሰው አትመካ። «እዚያ መሥሪያ ቤት የማውቀው አለ» የሚለው ቃል ካፍህ አይጠፋም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር ነው ይል ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. እኒያው ንጉሥ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥታቸው ወጡ። ያን ያህል ጦር የነበረው መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም በግንቦት 1983 በአውሮፕላን ሸሸ። ለእነሱ ያልጸና ወንበር ላንተ ዘመድ ይጸናል? ሰውን አክብር፣ ውለታውንም አትርሳ፤ ግን አታምልከው።

4. ሳይጨንቅህ ጸልይ። በጭንቅ ቀን ብቻ የሚጮኽ ሰው አምላኩን እንደ ባዳ ነው የሚጠራው። ጠዋት ስልክህን ከመክፈትህ በፊት አማትብ፣ አቡነ ዘበሰማያት ድገም። አጭር ይሁን፤ ግን አታቋርጥ።

5. ስትታመም ሐኪም ቤት ሂድ። «መድኃኒቱን ጣል፣ እምነት ይበቃሃል» የሚልህን ሰው አትስማ፤ ስንቱን ሰው አስቀብሯል! ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ መክረዋል። ሐኪሙን የፈጠረ ማን ሆነና ነው?

6. ከእግዚአብሔር ጋር ንግድ አትግባ። ብትጾምና ብትሳል መኪና ይሰጥሃል የሚሉ ሰባክያን በዝተዋል። እኔ ግን በጣም የሚያምኑ ሰዎች ልጅ ሲቀብሩ አይቻለሁ። ኢዮብም ሀብቱን ያጣው በኃጢአቱ አልነበረም። የሰጠ ቢነሳ የለበት ወቀሳ ይባላል፤ አፍ ላይ ቀላል ነው፣ ለቅሶ ቤት ስትቀመጥ ይከብዳል። መታመንህ የሚታወቀው የለመንከው ሳይመጣ ሲቀር ነው። ያን ጊዜም ብታጉረመርም እንኳ ደጁን አትልቀቅ፤ ያጉረመረመ ልጅ አሁንም ልጅ ነው።

7. ሳይተርፍህ ስጥ። «ደሞዜ ሲጨመር አሥራት አወጣለሁ» ብለኸኛል። ልጄ፣ አታወጣም። ከጥቂቱ መስጠት ያልለመደ እጅ፣ ገንዘቡ በበዛ ቁጥር ይበልጥ ይጨብጣል፤ ይህን ስንት ጊዜ አየሁ! ትርፍን መስጠት ደግነት ነው፤ ከሚያስፈልግህ ቆርሰህ መስጠት ግን ነገን ለሌላ እጅ መተው ነው። የሰራፕታዋ መበለት የቀረቻትን እፍኝ ዱቄት መጀመሪያ የጋገረችው ለኤልያስ ነበር። የእሷ ማሰሮ አልጎደለም፤ ያንተም ፈጽሞ አይጎድልም ብዬ ግን ቃል አልገባልህም፤ ያን ማለት የኔ ድርሻ አይደለም። የምነግርህ ይህን ነው፤ መስጠት የለመደ ሰው ሲያጣ ብዙም አይደነግጥም፣ መልቀቅን ያውቅበታላ። የዚህ ወር ደሞዝህ ሲገባ፣ ለቅድመ ክፍያህ ከማስቀመጥህ በፊት ከአሥር አንዱን ለብቻ አውጣ። ከፊሉን ለደብርህ አድርስ፤ ከፊሉን ደግሞ ሰፈራችሁ ውስጥ ጧሪ ለሌላቸው አሮጊት፣ ማንም ሳያይህ ስጥ።