ምዕራፍ ሰባት፦ ላብ በሥራ ሰዓት

የፖሊስ ሥራ ቀኑን ሙሉ ጭር ብሎ ሊውል ይችላል፤ ሲመጣ ግን በአንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። ተረኛው መኪና ውስጥ ተቀምጦ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ ወይም ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሮ ቃል ሲቀበል ሰዓታት ያልፋሉ። ከዚያ የመገናኛ ሬዲዮው ይጠራል። በሚቀጥለው ደቂቃ ያ ሰው ደረጃ እየሮጠ ይወጣል፣ አጥር ይዘላል፣ በክብደት ከሚበልጠው ተጠርጣሪ ጋር ይታገላል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ ወገቡ ላይ ሽጉጥና ካቴና ታጥቆ፣ አንዳንዴም የጥይት መከላከያ ለብሶ ነው።

ለዚህች ደቂቃ የሚበቃ ሰውነት ከየት ይመጣል? ብዙዎቻችን «ከማሠልጠኛ» እንላለን። ማሠልጠኛ የሚሰጠው ጥንካሬ ግን ካልተንከባከቡት በወራት ውስጥ ይከዳል። በዚህ ምዕራፍ የምንነጋገረው ስለ አንድ ቀላል አሠራር ነው፦ ፖሊሱ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት፣ ደመወዝ በሚከፈልበት ፈረቃው ውስጥ ስፖርት እንዲሠራ።

አደጋው የሚያደባው የት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዙ የሕክምና መጽሔት ቢኤምጄ ላይ አንድ ጥናት ወጣ። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ይህ ጥናት ከ1984 እስከ 2010 ባለው ጊዜ በሥራ ላይ እያሉ ልባቸው በድንገት ቆሞ የሞቱ 441 የአሜሪካ ፖሊሶችን መርምሯል። ጥያቄው «ሲሞቱ ምን እየሠሩ ነበር?» የሚል ነው።

መልሱ አስደንጋጭ ነው። ፖሊሱ ተጠርጣሪን ይዞ ሲታገል በድንገት የመሞት ዕድሉ፣ ተራ ሥራውን ሲሠራ ካለው ጋር ሲነጻጸር ከ34 እስከ 69 እጥፍ ይጨምራል። ሮጦ ሲያሳድድ ከ32 እስከ 51 እጥፍ ይሆናል። ምክንያቱን ማስተዋል አይከብድም። ዝም ብሎ የዋለ ልብ በሰከንዶች ውስጥ ከዕረፍት ወደ ሙሉ ሩጫ ይገባል፤ አድሬናሊን ደም ውስጥ ይፈሳል፣ የደም ግፊት ያሻቅባል። የልብ ደም ሥሩ በስብ የጠበበበት ሰው ይህን ድንገተኛ ጫና የሚሸከምበት አቅም የለውም።

በዚያው ጥናት ውስጥ ብዙዎች የሚዘሉት ሌላ ቁጥር አለ። በአካል ብቃት ልምምድ ላይ ሳሉ የመሞት ዕድልም ከ20 እስከ 23 እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። «እንግዲያው ስፖርቱም ይገድላል» ብሎ መደምደም ግን ስህተት ነው። ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ከርሞ የፈተና ቀን ሲደርስ መሮጥ አደገኛ ነው። በየሳምንቱ በመጠኑ የሚሠራ ልብ ግን ጫናውን ይለምደዋል። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክር እዚህ ላይ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ትንሽ ይሠራ፣ ዘወትር ይሠራ፣ ቀስ ተብሎ ይጀመር።

ሰዓቱ የማን ነው?

«ጤናው የራሱ ነው፤ ከሥራ ሲወጣ ይሩጥ» የሚል አዛዥ አይጠፋም። የፓትሮል መኪናው ዘይት የሚቀየረው ግን በመሥሪያ ቤቱ ሰዓትና በመሥሪያ ቤቱ ወጪ ነው፤ ሾፌሩን «እሑድ በራስህ ጊዜ ቀይር» የሚለው የለም። መኪናውን የሚነዳው ሰው ሰውነትም የሥራ መሣሪያ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሰውነቱን ለሥራ የሚፈልገው ከሆነ፣ ለእንክብካቤው ቢያንስ የተወሰነውን ሰዓት መክፈል ይገባዋል።

ይህ ሐሳብ የምኞት ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ኤፍቢአይ መርማሪዎቹ በሳምንት እስከ ሦስት የሥራ ሰዓት ለአካል ብቃት እንዲያውሉ ይፈቅዳል። የቴክሳስ ግዛት ሕግም የግዛቱ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን በሳምንት ሦስት ጊዜ ለ30 ደቂቃ በመደበኛው የሥራ ሰዓት ስፖርት ማሠራት እንደሚችሉ ይደነግጋል። ሕጉ ፖሊስን ለይቶ የወጣ አይደለም፤ ለቢሮ ጸሐፊ የተፈቀደው ግን ሌባ ለሚያሳድድ ሰው ይበልጥ ተገቢ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ጉዳዩ የደመወዝ ሕግንም ይነካል። በ1938 የወጣው የፌዴራል የሥራ ሕግ፣ ከ1985 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ የከተማና የግዛት ፖሊሶችንም ይመለከታል። በሕጉ አፈጻጸም ደንብ መሠረት ሥልጠና ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው የሚባለው አራት ነገሮች አንድ ላይ ሲሟሉ ነው፦ ከመደበኛው ሰዓት ውጭ ሲሆን፣ በፈቃደኝነት ሲሆን፣ ከሥራው ጋር በቀጥታ ሳይገናኝ ሲቀር፣ በዚያ ጊዜም ሌላ ሥራ ካልተሠራ። «በትርፍ ጊዜህ ሩጥ፤ ካልሮጥህ ትቀጣለህ» የሚል አለቃ እንግዲህ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ነጥብ እንዴት እንደሚያልፍ ያስብበት።

በእንግሊዝና በዌልስ የተያዘው መንገድ ፈተና ነው። ፖሊሶች በየዓመቱ በ15 ሜትር ርቀት ላይ በድምፅ ምልክት እየተመላለሱ ይሮጣሉ፤ ማለፊያው ደረጃ 5.4 ሲሆን የሚወስደውም አራት ደቂቃ አይሞላም። ፈተና ማን እንደደከመ ይናገራል እንጂ ማንንም አያበረታም። ፈተና ያለ ልምምድ ሰዓት ከቀረበ፣ ከላይ ያየነውን አደጋ መጋበዝ ሊሆን ይችላል።

በአገራችንም ለላብ ደመወዝ መክፈል እንግዳ ነገር አይደለም። የፖሊስ የስፖርት ክለብ የሆነው ኦሜድላ ስሙ የታወቀ ነው፤ በእንዲህ ዓይነት ክለብ ላለ አትሌት ልምምዱ ራሱ ሥራው ነው። ሌሊት ሮንድ የሚወጣው ተራ አባል ሜዳሊያ አይጠየቅም። ከእሱ የሚጠበቀው ሌባውን ደርሶ መያዝና በሰላም ወደ ቤቱ መመለስ ነው። ለዚህም ግማሽ ሰዓት አይበዛበትም።

ወጪው ስንት ነው?

ሂሳቡን በግልጽ እንሥራው። በሳምንት ሦስት ግማሽ ሰዓት ማለት 90 ደቂቃ ነው፤ ከ40 የሥራ ሰዓት ውስጥ ከመቶ አራት እጅ አይሞላም። 30 አባላት ባሉት ጣቢያ ድምሩ 45 ሰዓት ይሆናል፤ ይህ ከአንድ ሰው የሳምንት ሥራ ትንሽ ይበልጣል። ቀላል ወጪ አይደለም፤ የሰው እጥረት ላለበት ጣቢያ ደግሞ ይከብዳል።

በሌላው ሚዛን ላይ ምን እንዳለ እንመልከት። አንድ አባል ወገቡን ታሞ ስድስት ሳምንት ቢተኛ 240 የሥራ ሰዓት ይጠፋል። ይህ መላው ጣቢያ ከአምስት ሳምንት በላይ ስፖርት የሚሠራበት ሰዓት ነው።

ግማሽ ሰዓቱን እንዴት እንሙላው?

መጀመሪያ ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆነ፣ ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለባቸው፣ ሲንቀሳቀሱ ደረታቸውን የሚያማቸው ሁሉ ሐኪም ያማክሩ። ከዚያ ሳምንቱን በሦስት ይክፈሉት።

በመጀመሪያው ቀን አምስት ደቂቃ ሰውነት ያሟሙቁ፤ ሃያ ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ ወይም ሶምሶማ ይሩጡ፤ በመጨረሻው አምስት ደቂቃ ሰውነትዎን ያፍታቱ። ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እያወሩ መሄድ ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎ መጠኑ ትክክል ነው።

ሁለተኛው ቀን የጉልበት ነው፦ ቁጭ ብድግ፣ ፑሽ አፕ፣ የሆድና የወገብ ሥራ። መኪና ውስጥ ለሚውል ሰው የወገብና የጀርባ ጡንቻ ከክንድ ይቀድማል።

ሦስተኛው ቀን ሥራውን ይምሰል። ደረጃ መውጣት፣ አጫጭር ሩጫ፣ ከባድ ነገር ተሸክሞ ወይም ጎትቶ መሄድ። ይህን ግን ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በኋላ ይጨምሩት፤ እስከዚያው የመጀመሪያውን ቀን ይድገሙት።

ኳስ ጨዋታ የብዙ ጣቢያ ፍቅር ነው። ለእሑድ ይቆየን። በሥራ ሰዓት ፉክክር ውስጥ ገብቶ ቁርጭምጭሚቱን ወለም ያለው አባል ለስምሪት አይበቃም።

ለአዛዦች

ሰዓቱን በስምሪት ሠሌዳ ላይ ይጻፉት፤ «ሲመቻችሁ» የተባለ ሰዓት አይመጣም። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያውጡ፤ በየተራ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይውጣ፣ መገናኛ ሬዲዮውም ክፍት ይሁን። ጥሪ ከመጣ ልምምዱ ይቋረጥ፤ የተቋረጠው ግን በዚያው ሳምንት ይካካስ። የሌሊት ፈረቃውን አይርሱ፤ እንቅልፉም ምግቡም የተዛባው እሱ ነው። ከሁሉም በላይ ራስዎ ይሥሩ። አዛዡ የማይታይበት ልምምድ በሁለት ወር ውስጥ የሻይ ሰዓት ይሆናል።

የቀረው 60 ደቂቃ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በሁለት ቀንም ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። መሥሪያ ቤቱ 90 ደቂቃ ከሰጠ ቢያንስ 60 ደቂቃ ይቀራል። ያ ድርሻ የእርስዎ ነው፤ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ፣ ከልጆች ጋር በእግር መሄድ ሊሸፍነው ይችላል።

መሥሪያ ቤትዎ እስካሁን ምንም ካልሰጠ እጅዎን አጣጥፈው አይጠብቁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ የ90 ደቂቃውን ሂሳብ በወረቀት ጽፈው ለአዛዥዎ ያቅርቡ፤ ለሦስት ወር በሙከራ እንዲጀመር ይጠይቁ፤ የሕመም ፈቃድ ቀናትን ከመጀመሩ በፊትና በኋላ ቆጥረው ያወዳድሩ። የእርስዎን 60 ደቂቃ ግን ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ይክፈሉ።