ቲማቲም ሲያብብ ማዳበሪያውን ምን እናድርገው?

በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ጉዳይ ክፍል ውስጥ በአንድ ሰዓት ተምረነው ያለፍነውን ነው። ተክል ከቅጠልና ከግንድ ዕድገት ወደ አበባና ፍሬ ሲሸጋገር የምግብ ፍላጎቱ ይለወጣል የሚለውን። ፈተና ላይ መጥቶ ሁላችንም በትክክል መልሰነዋል። መደብ ላይ ግን እኔ ወደቅሁ።

ባለፈው ዓመት በተግባር ትምህርት ለአምስት ሰው 100 ካሬ ሜትር መሬት ደርሶን ቲማቲም ተከልን። ስንተክል 2 ኪሎ ኤንፒኤስ አደረግን፣ ችግኙ ሥር ሲይዝ 1 ኪሎ ዩሪያ ጨመርን። ተክሉ አማረ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያደንቀው ነበር። የመጀመሪያው የአበባ ዘለላ ብቅ ሲል ታችኛው ቅጠል ቢጫ መሆን ጀመረ። እኔም የቡድኑ «አዋቂ» ስለነበርኩ «ናይትሮጅን አንሶታል!» ብዬ ፈረድኩ። ናይትሮጅን በተክሉ ውስጥ ተንቀሳቃሽ ስለሆነ እጥረቱ ከታችኛው ቅጠል ይጀምራል ተብለን የለ? በዚያው ዕለት 1.5 ኪሎ ዩሪያ በአንድ ጊዜ ሰጠነው።

በአሥር ቀን ውስጥ ቅጠሉ ጠቆረ፣ ግንዱ ወፈረ፣ ጫፉ ወደ ታች ተጠቀለለ። አንዳንዱ የአበባ ዘለላ ጫፉ ላይ ጭራሽ ቅጠል አወጣ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዘለላ አበባውን አረገፈ። የጎረቤታችን ቡድን ሦስተኛ ጊዜ ሲለቅም እኛ ገና አንደኛውን ነበርን።

ይህ ብቻ ቢሆን ነጥብ ተቀንሶ ያልፍ ነበር። ነገሩን ያከበደው ግን መቂ አካባቢ መሬት በእኩል የሚያርሱት አጎቴ ናቸው። በዚያው ሰሞን ደውለው «የእኔም ታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኗል፣ ምን ላድርግ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ዩሪያ ይጨምሩበት» አልኳቸው። «አንተ የተማርከው እያለህ እኔ ምን አውቃለሁ» ብለው 50 ኪሎ ገዙ። የሞተር ኪራዩም ነዳጁም በብድር ነበር።

እንግዲህ ስህተቱ የት ላይ ነው? በመጀመሪያ ምልክቱን አላነበብኩትም። ናይትሮጅን ሲያንስ ተክሉ በጠቅላላ ይገረጣል፣ አዲሱ ቅጠልም ያንሳል፣ ዕድገቱ ይቀንሳል። የእኛ ተክል ላይኛው ክፍል ጥቁር አረንጓዴ ነበር። ቢጫ የሆኑት ከሥር ሆነው በላይኛው ቅጠል የተጋረዱ፣ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሁለትና ሦስት ቅጠሎች ናቸው። እነሱን ቆርጦ መጣል ይበቃ ነበር።

ሁለተኛው ዋናው ነው። ቅጠል የሚያመርተው ስኳር የሚፈልጉት ብዙ ናቸው፤ ሥር፣ አዲስ ቅጠል፣ አበባ፣ ፍሬ። ገና የተከፈተ አበባ በዚህ ሽሚያ ውስጥ ደካማው ነው። ናይትሮጅን ሲትረፈረፍ የሚያድገው ጫፍ ይጠነክርና ስኳሩን ወደራሱ ይስባል፣ አበባው ይራባል፣ ይረግፋል። ይህን በቲማቲም ላይ ቀድመው በሰፊው ያጠኑት ክራውስና ክሬቢል ናቸው፤ በ1918 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ። ናይትሮጅን ከስኳሩና ከስታርቹ አንጻር ሲበዛ ተክሉ ቅጠል ብቻ ይሆናል፣ ሲመጣጠን ፍሬ ይይዛል፣ ናይትሮጅኑ እጅግ ሲያንስ ደግሞ ተክሉም ፍሬውም ይቀጭጫል። የመጨረሻዋን እንዳትረሱ፤ «እንግዲያው ናይትሮጅን ጭራሽ እናቁም» የሚል ተማሪ አላጣሁም።

በነገራችን ላይ ሐሳባቸው በኋላ ላይ ከሚገባው በላይ ተለጥጧል፤ ተክል የሚያብበው በዚህ ምጣኔ ነው የሚሉ ተነሥተው ነበር። በ1920 ጋርነርና አላርድ የቀንና የሌሊት ርዝመት አበባን እንደሚወስን በትምባሆና በአኩሪ አተር አሳዩ። እንደ ክሪሳንተመምና ካናቢስ ያሉት ረጅም ሌሊት ሲያገኙ ያብባሉ፤ በግሪንሃውስ የሚያመርት ሰው መብራት አጥፍቶ የሽግግሩን ቀን ራሱ ይቆርጣል፣ ማዳበሪያውንም በዚያ ቀን ይቀይራል። ቲማቲም ግን የቀን ርዝመት አይጠብቅም። የመጀመሪያው ዘለላ የሚጸነሰው ገና ችግኝ መደብ ላይ እያለ ነው። ከዚያ በኋላ ቅጠልም አበባም ፍሬም አንድ ላይ ይሄዳሉ። ስለዚህ ለእኛ «የሽግግር ቀን» የሚባል ነገር የለም፣ ያለው የሽግግር ሳምንታት ነው። ማስተካከሉም ቀስ በቀስ መሆን አለበት።

ፎስፈረስስ? «አበባ ሲመጣ ፎስፈረስ ጨምር» የሚለውን ከሱቅ ሻጭም ከጓደኛም እንሰማለን። እኔ አልስማማም። ፎስፈረስ ለሥርና ለመጀመሪያው ዕድገት የግድ ነው፤ አበባ መጣራት ግን ሥራው አይደለም። አፈር ውስጥም ከተጣለበት ብዙም አይንቀሳቀስም። አበባ ሲያዩ ላዩ ላይ የሚበተን ኤንፒኤስ ሥሩ ጋ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ፎስፈረሱ ስንተክል ከሥሩ አጠገብ ከገባ ገባ፤ አለዚያ ብሩ አፈር ላይ ቀረ።

በእርግጥ ፍላጎቱ የሚጨምረው ፖታሺየም ነው፣ ምክንያቱም ፍሬው ብዙ ፖታሺየም ይሰበስባል። እዚህ ላይ ግን ማሳና ግሪንሃውስ ይለያያሉ። የስምጥ ሸለቆ አፈር ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ፖታሺየም አይቸግረውም፤ ምርመራ ሳይደረግ መግዛቱን አልመክርም። ማሳ ላይ ዋናው ሥራ ናይትሮጅኑን መያዝ ነው። በውሃ ብቻ ወይም በኮኮናት ገለባ በሚመረትበት ግን ተክሉ ከእኛ በቀር ሰጪ የለውም። በዕድገት ጊዜ ናይትሮጅንና ፖታሺየም እኩል ለእኩል ገደማ ቢሆኑ፣ ፍሬ ሲበዛ ፖታሺየሙ የናይትሮጅኑን አንድ ተኩል እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል።

በቁጥር እንየው። 1000 ሊትር ውሃ ውስጥ ፖታሺየምን በ100 ፒፒኤም ማሳደግ ማለት 100 ግራም ፖታሺየም መጨመር ነው። ከረጢቱ ላይ የሚጻፈው ኬ ቱ ኦ ስለሆነ በ0.83 ማባዛት አትርሱ፤ እኔ ረስቼ አውቃለሁ። ፖታሺየም ናይትሬት 46 ከመቶ ይላል፣ ንጹሕ ፖታሺየሙ 38 ከመቶ ገደማ ነው፤ 262 ግራም ያስፈልጋል። ችግሩ ከዚያው ጋር 34 ግራም ናይትሮጅን ይዞ ይመጣል፣ እኛ ልንቀንሰው የፈለግነውን! «ታዲያ ካልሲየም ናይትሬቱን ቀንሰን እናካክሰው» ብትሉ ካልሲየም ይጎድልና የፍሬው ቂጥ ጠቁሮ ይበሰብሳል። የሚሻለው የፖታሺየሙን ከፊል በፖታሺየም ሰልፌት መስጠት ነው፤ 50 ከመቶ የሚለው ከሆነ ለዚያው 100 ግራም 241 ግራም ይበቃል። ሰልፌቱንና ካልሲየም ናይትሬቱን ግን ወፍራም ሆነው በአንድ በርሜል እንዳታገናኟቸው፣ ጂፕሰም ሆኖ ይረጋና ቱቦውን ይደፍናል።

ወደ እኛ መደብ ልመለስና ሒሳቡን ላውጣ። ከኤንፒኤሱ 0.38 ኪሎ፣ ከመጀመሪያው ዩሪያ 0.46፣ ከሁለተኛው 0.69 ኪሎ ናይትሮጅን፤ በድምሩ 1.53 ኪሎ። በሄክታር ሲሰላ 153 ኪሎ ነው፣ ያውም የከብት ፍጉ ሳይቆጠር። ድምሩ ራሱ ያን ያህል የሚያስደነግጥ አይደለም። የሚያስደነግጠው ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው በአንድ ቀን፣ አበባ ሲከፈት መሰጠቱ ነው።

መምህራችን ሪፖርቴን አንብበው አንድ ጥያቄ ጻፉበት፤ «ብርዱስ?» ልክ ናቸው። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የአበባው ዱቄት ይበላሻል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድም አበባ ያረግፋል። የጎረቤቶቻችን ቡድን ደግሞ ከእኛ አንድ ሳምንት ዘግይቶ ነበር የተከለው። መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘሁት ከአጎቴ ማሳ ነው። ግማሽ ሄክታር ነበራቸው፤ ዩሪያው ለግማሹ ብቻ ደርሶ አለቀ፣ ሌላ ለመግዛት ገንዘብ አጡ። አንድ ዓይነት ዘር፣ አንድ የተከላ ቀን፣ አንድ ውሃ፣ አንድ ብርድ። ለእረፍት ሄጄ በመሃሉ ስሄድ ድንበሩ በዓይን ይለይ ነበር፤ በግራ ወገብ የሚደርስ ጥቁር ቅጠል፣ በቀኝ ዝቅ ያለ ተክልና በየዘለላው አራትና አምስት ፍሬ። ከቀኙ የተለቀመው የሞተሩን ኪራይ ከፈለ። የዩሪያው ዕዳ ቀረ። አጎቴ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ሳጥን ሲጭኑ ብቻ «ይኼኛው ገንዘብ ያጣሁበት ወገን ነው» ብለው ሳቁ።

ዘንድሮ መደቡ እንደገና ደርሶናል። ፍጉን በልኩ አድርገን ለጠቅላላው ወቅት 2 ኪሎ ዩሪያ መድበን በሦስት ፌስታል አስረነዋል። ትንሹ ችግኙ ሥር ሲይዝ ገባ። ሁለተኛው የመጀመሪያው ዘለላ ፍሬ ይዞ የአተር ያህል ሲሆን፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ለቀማ በፊት። አጎቴ ቀኑን ጻፍልኝ ቢሉኝ ቀን አልጻፍኩላቸውም፣ «ፍሬው አተር ሲያክል» ነው ያልኳቸው። ትናንት ደውለው «የእኔ ገና ጤፍ ነው» አሉኝ። የእኛም ሁለተኛው ፌስታል እስካሁን መጋዘን ውስጥ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።