ትንሿ ጃርት ቆስላ ብታገኟት

ጃርት ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? ሌሊት በቆሎ የሚጥለው፣ ድንች እየማሰ የሚበላው ነው። እሱን መጥላታችሁ አያስገርምም። ነገር ግን በብዙ ቦታ በዚሁ ስም የምትጠራ ሌላ ትንሽ እንስሳ አለች። ታማ ወይም ቆስላ ማሳ ዳር ስትገኝ «ያው ጃርት ናት» ተብላ በዱላ ትመታለች። ባልበላችው ድንች ትሞታለች ማለት ነው። የዛሬው ትምህርታችን ስለ እሷ ነው።

መጀመሪያ ሁለቱን እንለይ። ትልቁ ጃርት የአይጥ ወገን ነው። ክብደቱ 20 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ወስፌ የሚመስለው እሾሁ ከአንድ ስንዝር ይረዝማል። ሥራ ሥርና እህል ይበላል። (እሾሁን ይወረውራል የሚባለው ተረት ነው። ሲነካ ይነቀላል እንጂ አይወረወርም።)

ትንሿ ጃርት ግን የአይጥ ወገን አይደለችም። ርዝመቷ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ክብደቷ ከግማሽ ኪሎ ብዙም አያልፍም። እሾሆቿ አጫጭር ናቸው። ፊቷና ሆዷ ነጣ ያለ ፀጉር አለው። አፍንጫዋ ሾጠጥ ያለ ነው። የኋላ እግሯ አብዛኛውን ጊዜ አራት ጣት ብቻ ስላለው «ባለ አራት ጣት ጃርት» ትባላለች። ከሴኔጋል እስከ አገራችን ባለው የአፍሪካ ሣር ምድር ትኖራለች። ስትፈራ እንደ ኳስ ትጠቀለላለች። ትልቁ ጃርት እንዲህ አይጠቀለልም።

ምግቧ ጢንዚዛ፣ ፌንጣ፣ አባጨጓሬ፣ ትልና ቀንድ አውጣ ነው። መሬት ላይ የተጣለ እንቁላል ካገኘችም ትበላለች፤ ይህን አንደብቅም። ይሁን እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ከማሳችሁ የምትለቅመው የእናንተኑ ተባይ ነው።

ታዲያ ምን ያቆስላታል? ቀን ቀን የምትተኛው በደረቅ ቅጠል፣ በቁጥቋጦና በጭራሮ ክምር ሥር ነው። ክምሩ ሳይገለጥ እሳት ሲለቀቅበት ትቃጠላለች። እሷ ስትጠቀለል ከውሻ ታመልጥ ይሆናል፤ ከእሳት ግን አታመልጥም። ማጭድ ይቆርጣታል፤ መኪና ይድጣታል፤ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ መውጣት ያቅታታል። ፀረ ተባይ መድኃኒት የተረጨበትን ነፍሳት ከበላችም ትመረዛለች። ክምር ከማቃጠላችሁ በፊት በእንጨት ገለጥ ገለጥ አድርጉት፤ ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

መታመሟን በምን እናውቃለን? የሌሊት እንስሳ ናት። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ ሜዳ ላይ ተዘርግታ ከተኛች፣ ስትሄድ ከተንገዳገደች፣ ዝንብ ከከበባት ወይም ሲነኳት ካልተጠቀለለች ችግር አለባት። ደህና ሆና የምትሄደውን ግን ተዉአት። ጎጆዋ ውስጥ ግልገሎች ካያችሁም እጃችሁን አታስገቡ፤ መልሳችሁ ሸፍኑና ራቁ። እናቲቱ ከተረበሸች ልጆቿን ትታ ልትሄድ፣ ወይም ልትበላቸውም ትችላለች።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ትንሿ ጃርት እንግዳ ሽታ ሲያጋጥማት ያንን ነገር ታኝካለች፤ አፏ አረፋ ይሞላል፤ ከዚያም አንገቷን አዙራ አረፋውን እሾሆቿ ላይ ትቀባለች። ይህ ልማዷ ነው እንጂ እብደት አይደለም። ቢሆንም ማንኛውንም የዱር እንስሳ በባዶ እጅ አትንኩ። ከነከሰቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አያውቅም። ጭርትም ከእሷ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ስለዚህ ልጆች አይጫወቱባት፣ እናንተም ነክታችሁ ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። በጆንያ ወይም በወፍራም ጨርቅ አንሷት። ከፍ ያለ ካርቶን ውስጥ ለስላሳ ጭድ አንጥፉና አስቀምጧት። አጭር ካርቶን አይሆንም፤ መውጣት ትችልበታለች። ክሩ የተተረተረ ጨርቅም አታንጥፉ፤ እግሯ ላይ ይጠመጠማል። ካርቶኑን ከውሻና ከልጆች ጫጫታ አርቁ።

ሰውነቷን ዳስሱት፤ ከቀዘቀዘ ከምግብ በፊት ሙቀት ያስፈልጋታል። በባዶ ሃይላንድ ትኩስ ውሃ ሙሉ፤ የፈላ አይሁን። በጨርቅ ጠቅልሉና በካርቶኑ አንድ ጥግ አስቀምጡት። ለምን በአንድ ጥግ? ሲሞቃት ራቅ እንድትል ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ቶሎ ለውጡት፤ የቀዘቀዘ ጠርሙስ ያላትንም ሙቀት ይወስድባታል። ምድጃ አጠገብ ግን አታስቀምጧት። ፀሐይ መትቷት ከወደቀች ደግሞ ጥላና ውሃ እንጂ ሙቀት አትስጧት።

ውሃ በዝርግ ሳህን አቅርቡላት። አፏን ከፍታችሁ አታፍስሱባት፤ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል።

ወተት አትስጧት። ይህን ደግማችሁ አንብቡት። የሰው ደግነት የሚገድላት በዚህ ነው። በላም ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ፤ የጃርቷ አንጀት ሊፈጨው አይችልም። ተቅማጥ ይይዛታል፤ የሰውነቷ ውሃ ያልቅና ትሞታለች። እንግሊዝ አገር ሕዝቡ የእነሱን ትንሽ ጃርት በጣም ይወዳል። እንዲያውም በ1982 እ.ኤ.አ. ለጃርት ጥበቃ ብቻ ማኅበር አቋቁመዋል። በዚያ አገር ሰዎች ለብዙ ዘመን ማታ ማታ ዳቦና ወተት ደጃፍ ላይ ያስቀምጡላት ነበር። ዛሬ ይህንኑ ማኅበር ብትጠይቁ መጀመሪያ የሚላችሁ «ወተቱን ተዉ፤ ውሃ ስጡ» ነው። የእነሱ ጃርት ከእኛዋ ዘር ትለያለች፤ የወተቱ ነገር ግን አንድ ነው።

እንግዲህ ምን ትብላ? የተከተፈና የበሰለ ሥጋ፣ ወይም የተቀቀለ እንቁላል፣ ጨውና በርበሬ ሳይነካው። ጢንዚዛና ፌንጣም ለቅማችሁ ስጧት፤ መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ ግን አትልቀሙ። ማታ አቅርቡ፤ ጧት የተረፈውን አንሱ።

ቁስል ካላት ግማሽ ሊትር ውሃ አፍሉና አቀዝቅዙ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት፤ በንጹሕ ጨርቅ እጠቡላት። ነጭ ጤፍ የመሰለ ነገር ቁስሉ ላይ ካያችሁ የዝንብ እንቁላል ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ትል ይሆናል፤ ሥጋዋንም ይበላል። ስለዚህ «ነገ» አትበሉ፤ በወረንጦ አንድ በአንድ ልቀሙት። ላምባ ወይም ለከብት መዥገር የሚረጨውን መድኃኒት አትቀቧት፤ በቆዳዋ ገብቶ ይመርዛታል። እግሯ ከተሰበረ፣ ቁስሉ ከሸተተ ወይም በማግስቱ ካልበላች ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳዩ። በቤት ውስጥ ስብራት ማሰር አይሞከር።

ስትድን ቤት ውስጥ አትቆይም። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ይዞ ማኖር በሕግ የተከለከለ ነው። በደንብ ስትበላ፣ ቀጥ ብላ ስትሄድ፣ ስትነካም ጥብቅ ብላ ስትጠቀለል፣ ካገኛችሁበት ቦታ ወስዳችሁ ፀሐይ ስትጠልቅ ልቀቋት። ሌላ ቦታ ብትለቋት መጠለያዋንና ምግቧን አታውቅም። የተገኘችው ከመንገድ ላይ ከሆነ ግን ከመንገዱ ራቅ ወዳለው ቁጥቋጦ አድርጓት።

መዳኗን የሚነግራችሁ ሚዛን ነው። አሁን ደብተራችሁን አውጡና ይህን ሥሩ። ባዶው ካርቶን 150 ግራም ይመዝናል። ጃርቷ ውስጡ ገብታ በሱቅ ሚዛን ሲመዘን 410 ግራም ሆነ። ከ10 ቀን በኋላ ከነካርቶኑ 490 ግራም ሆነ። ጃርቷ ስትገኝ ብቻዋን ስንት ግራም ነበረች? በ10 ቀን ስንት ጨመረች? በቀንስ ስንት ይደርሳል?