ሻወር ሲያሠሩ፦ ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ሱቅና ስለ ታክሲ ሂሳብ ነው። ዛሬ ግን ፕለምበር ቀጥሮ የሻወር ሳህን ስለ ማስገባት እንነጋገራለን። የሻወር ሳህን ስንል ከእግር ሥር የሚቀመጠውን፣ ውሃውን ተቀብሎ ወደ ፍሳሽ የሚያወርደውን፣ እዚህ አገር ሻወር ፓን የሚባለውን ማለታችን ነው። ነገሩ ከንግድ የራቀ ይመስላል፤ ግን አይደለም። የአብዛኞቻችን ጥሪት ያለው ሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ ሱቃችን ወይም መኪናችን፣ ሌላው ቤታችን። ከሻወር ሥር ለዓመታት የተንጠባጠበ ውሃ የወለሉን እንጨት ሲያበሰብስ፣ አብሮ የሚበሰብሰው ላባችንን ጠብ አድርገን ያጠራቀምነው ገንዘብ ነው።

አገር ቤት ሳለን ዕቃውን ራሳችን ከመርካቶ ገዝተን፣ ለባለሙያው ቀብድ ሰጥተን፣ በእጅ ዋጋ ተስማምተን እናሠራ ነበር። ዋሱ ያመጣልን ጎረቤት ነው። ኮሎምበስ ላይ ግን ዋሱ ወረቀት ነው። ሰውየው የአገር ልጅ ቢሆንም ባይሆንም ወረቀት መጠየቅ አለመተማመን አይደለም፤ ሁለቱንም ወገን ከጠብ ያድናል።

አንደኛ፤ ሥራውን ይወቁ

ፕለምበር ከመጥራትዎ በፊት ምን እንደሚሠራ በጥቂቱ ማወቅ ይጠቅማል። ብዙ ሰው አሮጌውን የመታጠቢያ ገንዳ አስወጥቶ በቦታው ሻወር ያስገባል። የገንዳ ፍሳሽ ቱቦ በተለምዶ 1 ተኩል ኢንች ሲሆን የሻወር ደግሞ በተለምዶ 2 ኢንች ነው። ስለዚህ ወለሉ ተከፍቶ ቱቦው መለወጥ ይኖርበት እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ በርካሽ ዋጋና በውድ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። አግድም የሚሄደው ባለ 2 ኢንች ቱቦ በእያንዳንዱ ጫማ ርዝመት ሩብ ኢንች ያህል ማዘቅዘቅ አለበት። ሳህኑም በውሃ ልክ ተስተካክሎ መቀመጥ አለበት፤ የአክሪሊክ ወይም የፋይበርግላስ ሳህን ከሥሩ ባዶ ከሆነ በተረገጠ ቁጥር እየተለመጠ ከፍሳሹ ጋር የተያያዘበት ቦታ ይላቀቃል። ስለዚህ የአምራቹ መመሪያ ሲያዝ ከሥሩ ሞርታር ይደረጋል።

ልብ በሉ፤ የዘረዘርናቸው ሁሉ ሥራው ሲያልቅ የማይታዩ ናቸው። ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ የሚታየው ውበቱ ብቻ ነው። የዛሬው ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው፤ የሚሸፈነውን ሥራ ሳይሸፈን ይዩ፣ ገንዘብዎንም በዚያው ልክ ይክፈሉ።

ሁለተኛ፤ ፈቃድና ምዝገባ

በኦሃዮ የስቴቱ የግንባታ ፈቃድ ሰጪ ቦርድ ለንግድ ሕንፃ ለሚሠሩ የፕለምቢንግ ተቋራጮች ፈቃድ ይሰጣል። የመኖሪያ ቤትን በተመለከተ ግን ከተሞች የየራሳቸው ደንብ አላቸው። በኮሎምበስ የሚጠየቀው የከተማው የሕንፃና ዞኒንግ አገልግሎት መምሪያ ነው፤ ዌስተርቪል፣ ጋሃና ወይም ሬይኖልድስበርግ የሚኖሩ ግን የዚያኑ ከተማ አስተዳደር ይጠይቁ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ይበቃል፤ «ይህ ሰው ተመዝግቧል ወይ?» እና «ለዚህ ሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ?»

ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ የሚያወጣው ፕለምበሩ ይሁን። «አንተ በስምህ አውጣው» ካለዎ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። ፈቃድ ካለ የከተማው ተቆጣጣሪ ቱቦው ሳይሸፈን መጥቶ ያያል። ይህ እርስዎ የማያውቁትን የሚያውቅ ሦስተኛ ዓይን ነው።

የኢንሹራንስ ማስረጃም ይጠይቁ። ኦሃዮ የሠራተኞች ካሳ ኢንሹራንስ በስቴቱ በኩል ብቻ ከሚሸጥባቸው አራት ስቴቶች አንዷ ስለሆነች፣ ሠራተኛ የቀጠረ ፕለምበር ከኦሃዮ የሠራተኞች ካሳ ቢሮ የተሰጠው የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ቤትዎ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ላይ የእርሳስ ቀለም ሊኖር ይችላል። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ከ6 ስኩዌር ጫማ በላይ ቀለም የተቀባ ግድግዳ የሚነካ ተከፋይ ባለሙያ፣ ከ2010 ጀምሮ በፌዴራል ደንብ የተለየ የምስክር ወረቀት እንዲኖረው ይገደዳል። ትንንሽ ልጆች ካሉዎ ይህን አይዝለሉት።

ሦስተኛ፤ ውልና አከፋፈል

ውሉ አንድ ገጽ ቢሆንም ይጻፍ። የሳህኑ ስምና መጠን፣ ቱቦው የሚለወጥ መሆኑ፣ አሮጌውን ዕቃ ማን እንደሚያነሳ፣ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ዋስትናው ለስንት ጊዜ እንደሆነ ይግለጽ። ሻጩ ቤትዎ ድረስ መጥቶ ያስፈረመዎ ከሆነ፣ በአብዛኛው እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ውሉን በጽሑፍ የመሰረዝ መብት አለዎ።

ለምሳሌ ያህል ሥራው 4,000 ዶላር ነው እንበል። ቀብድ 1,000 ዶላር፤ ቱቦውና ሳህኑ ገብተው፣ ተቆጣጣሪው አይቶ፣ ግድግዳው ሳይሸፈን 1,400 ዶላር፤ ሥራው ሲያልቅ 1,200 ዶላር፤ ቀሪውን 400 ዶላር ደግሞ ከአንድ ሳምንት አገልግሎት በኋላ። ከሁለተኛው ክፍያ በፊት ፍሳሹ ተደፍኖ ሳህኑ ላይ ውሃ ይቆይበት፤ ከዚያም ተለቆ ይውረድ። ከሥር ያለው ክፍል ወይም ቤዝመንቱ ጣሪያ ላይ ጠብታ ከታየ ያኔውኑ ይታረማል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

ሁሉንም በቼክ ይክፈሉ። «በጥሬ ገንዘብ ከሆነ 3,200 ይበቃኛል፣ ወረቀት አያስፈልግም» የሚል ሲያጋጥም ብዙዎቻችን እንጓጓለን። ነገር ግን 800 ዶላሩን ያተረፈ ሰው ውል፣ ዋስትናና ማስረጃ አጥቷል። ክርክር ቢነሳ እስከ 6,000 ዶላር ያለውን ጉዳይ የፍራንክሊን ካውንቲ ሚዩኒሲፓል ፍርድ ቤት የጥቃቅን ክሶች ክፍል ያለ ጠበቃ ያይልዎታል፤ ዳኛው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ወረቀት ነው። አተርፍ ባይ አጉዳይ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

አራተኛ፤ የታክሱ ነገር

የሚኖሩበት ቤት ሻወር የግል ወጪ ነው። ከታክሲው ወይም ከሱቁ የባንክ ሂሳብ ቼክ አይጻፉ፤ እንደ ንግድ ወጪም አይቀነስም። ይሁን እንጂ ደረሰኙን አይጣሉ። አዲስ ሻወር የቤቱን ዋጋ የሚጨምር ማሻሻያ ከሆነ ቤቱን በወጣበት ዋጋ ላይ ይደመራል፤ ወደፊት ሲሸጡ ታክስ የሚታሰብበትን ትርፍ ይቀንሳል። የሚያከራዩት ቤት ከሆነ ግን እንዲህ ያለው ማሻሻያ በ27 ዓመት ተኩል ተከፋፍሎ ይቀነሳል፤ ጥቃቅን ጥገና ደግሞ በዚያው ዓመት።

ለሱቅዎ ፕለምበር ሲቀጥሩ ነገሩ ይለያል። በኮርፖሬሽን ያልተቋቋመ ባለሙያ ከሆነና በቼክ ወይም በጥሬ ገንዘብ ከከፈሉት፣ በዓመቱ መጨረሻ 1099 የተባለውን ፎርም መላክ ሊኖርብዎ ይችላል። መነሻው እስከ 2025 ለተከፈለ ገንዘብ 600 ዶላር ነበር፤ ከ2026 ጀምሮ ለሚከፈል ገንዘብ 2,000 ዶላር ሆኗል። ስለዚህ ቼኩን ከመስጠትዎ በፊት ደብሊው 9 ፎርሙን ያስሞሉት፤ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ስልክ ላያነሳ ይችላል።

በመጨረሻም ውሉን፣ የፈቃዱን ቅጂ፣ የቼኮቹን ማስረጃና ቱቦው ሳይሸፈን የተነሳውን ፎቶግራፍ በአንድ ፖስታ አድርገው ያስቀምጡ። ነገ ቤቱን ሲሸጡ ለገዢው፣ ውሃ ቢያፈስ ለኢንሹራንሱ፣ ታክስ ሲሠራ ደግሞ ለሂሳብ ባለሙያዎ የሚያሳዩት ይኸው ፖስታ ነው።