ውሃው ወጥቶም መብራቱ ካልጠፋ

ከመካከላችሁ በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ በራሳችሁ የጭነት መኪና የምትሠሩ ብዙዎች ናችሁ። መኪናው አንድ ቀን ከቆመ የዚያ ቀን ገቢ የለም፤ የመኪናው ዕዳና የኢንሹራንሱ ክፍያ ግን አይቆሙም። ስለዚህም ዳሽቦርዱ ላይ «ናፍጣው ውስጥ ውሃ አለ» የሚለው መብራት ሲበራ አንዳንዱ «ጭነቱን አድርሼ አየዋለሁ» ይላል፤ ሌላው ደግሞ ደንግጦ ጋራዡ የጠየቀውን ሁሉ ይከፍላል። ሁለቱም ይጎዳሉ።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከፊልትሮው ሥር ይዘቅጣል። እዚያ ያለው ሴንሰር ሁለት የብረት ጫፎች አሉት። ናፍጣ ኤሌክትሪክን እንደ ውሃ አያስተላልፍም፤ ውሃው ሁለቱን ጫፎች ሲያገናኝ መብራቱ ይበራል። ማስጠንቀቂያው የሚናቅ አይደለም። ውሃ አልፎ ወደ ፓምፑና ወደ ኢንጀክተሮቹ ከገባ፣ በናፍጣው ልስላሴ የሚሠሩትን ብረቶች ይፍቃል፣ ያዝጋል። ጥገናውም በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው።

እንግዲህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መብራቱ እውነት ይናገር እንደሆነ በሚከተለው ቅደም ተከተል አጣሩ፦

1ኛ. መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ ሞተሩን አጥፉ። ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ የወጣውን በንጹሕ የመስታወት ጠርሙስ ተቀበሉ። ጥቂት ደቂቃ አሳርፋችሁ ተመልከቱ፤ ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ ይታያል። ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ ድረስ አስወጡ።

2ኛ. መብራቱ ጠፍቶ በማግስቱ ከተመለሰ እንደገና አስወጡ። አሁንም ውሃ ከታየ ችግሩ ያለው ከታንኩ ነው። ምናልባት የክዳኑ ላስቲክ ተበላሽቷል፤ ወይም ታንኩ ጎድሎ ሲያድር ጤዛ ይዟል፤ ወይም ማደያው የሸጠላችሁ ናፍጣ ውሃ ነበረበት። የታንኩ ሥር ሳይጸዳ ፊልትሮ ብቻ መለወጥ ገንዘብ መጣል ነው።

3ኛ. ጠርሙሱ ውስጥ ምንም ውሃ ካልታየ ሴንሰሩንና ሽቦውን ጠርጥሩ። ሶኬቱን ነቅላችሁ ዝገት፣ እርጥበት ወይም የተላጠ ሽቦ እንዳለ እዩ። ቀጥሎም ኮዱን አስነብቡ። በከባድ መኪኖች ላይ ኤስፒኤን 97 የዚሁ ጉዳይ ቁጥር ነው። ከጎኑ ኤፍኤምአይ 3 ወይም 4 ካለ ኮምፒውተሩ የሚከሰው የኤሌክትሪክ መስመሩን ነው፤ 15 ወይም 16 ካለ ግን «ውሃ አየሁ» ማለቱ ነው። እንዲህ እያለም ጠርሙሱ ንጹሕ ከሆነ፣ የተበላሸው ሴንሰሩ ራሱ ሊሆን ይችላል።

መካኒኩ ይህን ሳያይ «ፓምፕ ይለወጥ» ቢላችሁ፣ የኮዱን ቁጥርና የሥራውን ዋጋ በጽሑፍ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ከፋዩ እናንተ ናችሁ።

በመጨረሻም የናፍጣ ደረሰኝ አትጣሉ። ለኢፍታ የነዳጅ ግብር ሲባል 4 ዓመት ማስቀመጥ ግዴታ ነው። ጥፋቱ የማደያው ሆኖ ካሣ ብትጠይቁም፣ ደረሰኙና ቀን የተጻፈበት የናሙና ጠርሙስ ማስረጃዎቻችሁ ናቸው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና መብራቱን ዛሬውኑ እዩት። መልካም መንገድ!