ፕሮግራሜን ማን አሳበጠው?

ጥያቄ፦ ለአነስተኛ መሣሪያ በሲ የምጽፈው ፕሮግራም ከትንሽ ለውጥ በኋላ በ6 ኪሎባይት አደገ። ጥፋተኛውን ፈንክሽን እንዴት ላግኘው?

መልስ፦ የፋይሉን ጠቅላላ መጠን አይመኑት፤ የዲበግ መረጃ ብቻውን ሊያሳብጠው ይችላል። ይልቅ ሲምቦሎቻቸው ያልተገፈፉ የፕሮግራሙን አሮጌና አዲስ ቅጂዎች ይያዙ። ኤንኤም የሚባለው መሣሪያ የእያንዳንዱን ሲምቦል ስምና መጠን ያወጣል፤ የቀረው በስም እያጣመሩ መቀነስ ነው። በእጅ መልፋት ግን አያስፈልግም። ከሊኑክስ ከርነል ምንጭ ኮድ ጋር ብሎት-ኦ-ሜትር የተባለ የፓይተን ስክሪፕት አለ። አሮጌውን አስቀድመው፣ አዲሱን አስከትለው ሲሰጡት ያደገውን፣ ያነሰውን፣ አዲስ የመጣውንና የጠፋውን ለይቶ ያሳያል።

ውጤቱን ሲያነቡ ይጠንቀቁ። «ጠፋ» የተባለ ፈንክሽን ኮምፓይለሩ ጠሪው ውስጥ አስገብቶት ሊሆን ይችላል። ጠሪው በ400 ባይት አድጎ የ150 ባይቱ ፈንክሽን ከጠፋ፣ የተጣራው ጭማሪ 250 ብቻ ነው። (እኔ ይህን ሳላስተውል ንጹሑን ፈንክሽን ስከስስ ውያለሁ።) ሁለቱ ቅጂዎች በአንድ ዓይነት የኮምፓይለር ስሪትና በአንድ ዓይነት የኦፕቲማይዜሽን ደረጃ ካልተሠሩ ደግሞ ንጽጽሩን ይተዉት።

6 ኪሎባይት በአንዴ ከመጣ ግን ጥርጣሬዬ የእርስዎ ኮድ ላይ አይደለም። አዲስ ከመጡት ስሞች መካከል የፕሪንትኤፍ ቤተሰብ ወይም የተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥር ማስሊያ ካገኙ፣ አንዲት መስመር ላይብረሪውን ጎትታ አምጥታዋለች።