ኮምፒዩተሩ ሲለወጥ ጽሑፉ እንዳይጠፋ



ኮምፒዩተር ብቻውን ብረትና ፕላስቲክ ነው። መጻፍና ማስላት የሚችለው ዋና ፕሮግራም ሲኖረው ነው፤ ይህም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይባላል። በመቱም ሆነ በጎሬና በበደሌ፣ በየጽሕፈት አገልግሎት ሱቁ አብዛኛውን ጊዜ የምናየው ዊንዶውስ የተባለውን ነው። ዛሬ ልጽፍላችሁ ያሰብሁት፣ ከዚህ ሥርዓት ወደ ሌላ የተዛወረ ሰው የትኞቹ ፕሮግራሞች እንደሚጠቅሙትና እነርሱንም እንዴት መምረጥ እንደሚገባው ነው።

በመጀመሪያ፣ ሰው ለምን ይዛወራል? የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የጥበቃ ክፍል ይፈልጋል። ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ይህን አያሟሉም። ታዲያ አዲስ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው፣ ወይ ያለ ጥበቃ ማሻሻያ ይቀጥላል፣ ወይ በዚያው በአሮጌው ኮምፒዩተር ላይ ሌላ ሥርዓት ያስገባል። አሮጌ ነው ብሎ መጣሉም ጉዳት አለው፤ ምክንያቱም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሉ ተማሪ በኮምፒዩተር መሰጠት ስለ ጀመረ፣ በቤቱ መለማመጃ ያለው ልጅ ይጠቀማል። የእኛም ቤት ኮምፒዩተር ያገለገለ ስለ ሆነ ባለፈው ክረምት ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ሥርዓት አስገባንበት።

ሊኑክስን የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ ፊንላንዳዊ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ሥራውን ለሌሎች ሲያስታውቅ የ21 ዓመት ወጣትና የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረ። የፕሮግራሙን አሠራር ማንም አይቶ እንዲያሻሽለው ስለ ፈቀደ፣ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ባለሙያዎች ተባብረው አሳደጉት። ሊኑክስ ሚንት በዚሁ መሠረት ላይ ከተሠሩት ሥርዓቶች አንዱ ነው። ዋጋ አይከፈልበትም፤ 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት ቦታ ካገኘ ይሠራል፤ 4 ጊጋባይት ራም ቢኖር ግን ይመረጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቀድሞ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ጎሬ ነበረች፤ በኋላ መቱ ሆነች። መሥሪያ ቤት እንዲህ ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወር ወንበርና ጠረጴዛ ቢቀር ሌላ ይሠራል፤ መዝገብ ከቀረ ግን የሰው መብት አብሮ ይቀራል። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ ወንበሩ ነው፤ የጻፍነው ጽሑፍ ግን መዝገቡ ነው።

ይህን የተረዳሁት በቤታችን ነው። አባቴ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ናቸው፤ የዘጠኝ ዓመት ቃለ ጉባኤና የመዋጮ መዝገብም በኮምፒዩተሩ ውስጥ አለ። በአዲሱ ሥርዓት ስንከፍተው የቅርብ ጊዜው ጥርት ብሎ ተነበበ፤ የቀድሞው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት፣ ትርጉም የሌለው ነገር ሆኖ ታየ። በዚያው ሳምንት አንዲት እናት ባላቸው ሞተውባቸው ነበርና፣ የሟቹ መዋጮ አለመቋረጡን የሚያስረዳው ገጽ ከማይነበቡት አንዱ ሆነ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ቀድሞ የተሠሩት ብዙዎቹ የአማርኛ ፎንቶች የራሳቸው የፊደል ቁጥር ስላልነበራቸው፣ ለላቲን ፊደል በተሰጠው ቁጥር ላይ የእኛን ፊደል መልክ ያለብሱ ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ልብሱ ይወልቅና ውስጡ ያለው ላቲን ይታያል። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ግን በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትሙ ለግዕዝ ፊደል 345 የራሱ ቦታዎችን ሰጠ። በዚህ ሥርዓት «ሀ» 4608፣ «ለ» 4616፣ «ሐ» 4624፣ «መ» 4632 ቁጥር አላቸው፤ እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ስምንት ቦታ ይዞ መቀመጡን ልብ በሉ። «መቱ» ተብሎ ሲጻፍ በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው 4632ና 4721 ነው፤ የግዕዝ ፊደል የያዘ ፎንት ባለበት ኮምፒዩተር ሁሉ ያው «መቱ» ሆኖ ይነበባል።

ከመዛወራችን በፊት ፎንቱን ጭምር በፍላሽ ቀድተን ስለ ነበረ፣ በአዲሱ ሥርዓት ላይ ጫንነውና ገጹ ተነበበ። እናቲቱም የሚገባቸውን ገንዘብ ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ አባቴ እያነበቡ እኔ በዩኒኮድ ስጽፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብን።

እንግዲህ ፕሮግራም የሚመርጥ ሰው «ይህ ፕሮግራም ነገ ቢቀር ጽሑፌን ሌላ ያነብልኛል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። በዚህ መስፈርት እኔ የመረጥኋቸው የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ ኪማን። ይህ የመጻፊያ ፕሮግራም ነው። በላቲኑ ገበታ ላይ የ«ኤም»ን ፊደል ስንነካ «ም» ይወጣል፤ የ«ኢ»ን ስንጨምርበት «መ» ይሆናል። የሚጽፈው በዩኒኮድ ነው፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም ስለሚሠራ እጃችን የለመደውን አይረሳም። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ ያለዚህም ይጻፋል።

2ኛ/ ሊብሬኦፊስ። ደብዳቤ፣ የሒሳብ ሠንጠረዥና የትምህርት ማሳያ ይሠራበታል። በ2010 እ.ኤ.አ. ኦፕንኦፊስ ከተባለው የተገኘ ሲሆን ያለ ክፍያ ይገኛል። የሚያስቀምጥበት የኦፕንዶክዩመንት ቅርጽ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ደረጃ ስላለው፣ ሌሎች ፕሮግራሞችም ያነቡታል። የዎርድን ፋይል ይከፍታል፤ ነገር ግን የገጹ አሰላለፍ አንዳንዴ ይዛባል። ስለዚህ ለማተሚያ ሱቅ የምንወስደውን በፒዲኤፍ ማስቀመጥ ይበጃል።

3ኛ/ ጂኦጀብራ። ማርከስ ሆሄንዋርተር የተባለ ኦስትሪያዊ በ2001 እ.ኤ.አ. የጀመረው የሒሳብ ትምህርት መሣሪያ ነው። እኩሌታውን ስንጽፍ ሥዕሉን ያሳያል፤ ቁጥሩን ስንለውጥ መስመሩ ሲንቀሳቀስ እናያለን።

4ኛ/ ኪዊክስ። ዊኪፔዲያንና ሌሎች የትምህርት ጽሑፎችን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ኔትወርክ ባለበት አንድ ጊዜ ከተቀዳ፣ ኔትወርክ በማይደርስበት የገጠር ቀበሌም በፍላሽ ተወስዶ ይነበባል።

5ኛ/ ቪኤልሲ። አብዛኛውን የቪዲዮና የድምፅ ዓይነት ይከፍታል። ይህንም የጀመሩት የፈረንሳይ አገር የምሕንድስና ተማሪዎች መሆናቸው እኛን ተማሪዎችን ሊያበረታታን ይገባል።

ይሁን እንጂ መዛወር ለሁሉም ይጠቅማል አልልም። የሒሳብ መዝገብ አያያዝ በፒችትሪ የሚማር ሰው፣ ይህ ፕሮግራም ለዊንዶውስ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ቢቆይ ይሻለዋል። ማተሚያ ማሽንም ሁሉ በቀላሉ አይገናኝም። ኮምፒዩተሩ አዲሱን ዊንዶውስ የሚችልለት ሰው ያለ ምክንያት ቢዛወር «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆንበታል።

ለመዛወር የቈረጠ ግን በመጀመሪያ ጽሑፉን፣ ፎቶግራፉንና የቀድሞ ፎንቶቹን በሌላ ፍላሽ ይቅዳ። ቀጥሎም ሊኑክስ ሚንትን ባዶ ፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ ኮምፒዩተሩን ከዚያ ያስነሣው፤ እንዲህ ሲደረግ በኮምፒዩተሩ ያለው ሳይነካ አዲሱን መሞከር ይቻላል። ድምፁ፣ ማተሚያውና ኢንተርኔቱ መሥራታቸውን ካረጋገጠ በኋላ ብቻ ያስገባው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ በየቤታችን የዕድር፣ የዕቁብና የቡና ሽያጭ መዝገብ በኮምፒዩተር የሚይዙ ወላጆች አሉን። ዛሬ ማታ አንዱን የቀድሞ ፋይል ከፍተን በምን ዓይነት ፎንት እንደ ተጻፈ እንመልከትላቸው። ዩኒኮድ ካልሆነ አሮጌው ኮምፒዩተር ሳይበላሽ እናዛውርላቸው። በትምህርት ቤት የተማርነው ለቤተሰብና ለጎረቤት ሲተርፍ ነው ዕውቀት የሚባለው።